ስምንት ቀን መሬት በሌለበት

አትላንቲክን በመርከብ እናቋርጥ ያለችው አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል የምትኖረው ጓደኛዬ ናት። ከፍሎሪዳ ተነስቶ ስፔን የሚገባ፣ አሥራ አራት ቀን የሚፈጅ ጉዞ ነው። ከዚያ ውስጥ ስምንቱን ቀን መሬት የሚባል ነገር አይታይም። «ስልክ የለ፣ ሺፍት የለ፣ እኛና ባሕሩ ብቻ» አለችን። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ሦስት ሴቶች ነበርን። እሷ፣ እኔ፣ እና እዚያው አቅራቢያ አቮንዴል እስቴትስ የምትኖር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ሌላ ጓደኛችን። አራተኛው ሰው የስኔልቪሏ ባል አጎት ነበሩ፤ ሰባን ያለፉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው። «ባሕር አይተው አያውቁም፣ ይዘናቸው እንሂድ» ስትለን ማን እምቢ ይላል? እንዲያውም ደግነቷን አደነቅኩ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ንዴቴ አይገባችሁም። ከባሌ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ፣ ከተፋታን አራት ዓመት ሆኖን ነበር። አልመታኝም፣ አይጠጣም። ግን መኪና እንዳልነዳ ከለከለኝ። እኛ በምንኖርባት በታከር ከተማ መኪና የማይነዳ ሰው ቤቱ የተቆለፈበት ማለት ነው። ሥራ የሚያደርሰኝ እሱ፣ የሚመልሰኝ እሱ፣ ገበያውም ቤተክርስቲያኑም በእሱ ፈቃድ። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ባልኩ ቁጥር «ምን ጎደለብሽ?» ይለኛል። አንድ ቀን ልጄ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ደወልኩለት። «አሁን አይመቸኝም» ብሎ ዘጋው። የማላውቀውን ጎረቤት በር አንኳኩቼ፣ ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ያን ቀን በቃኝ አልኩ።

ከፍቺው በኋላ መንዳት ያስተማረችኝ ይቺው የስኔልቪሏ ጓደኛዬ ናት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በተዘጋ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በራሷ መኪና። የመጀመሪያውን ቀን መሪውን እንደያዝኩ ሳለቅስ አብራኝ አልቅሳለች። ታሪኬን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ትልቁ የምግብ አዳራሽ ውስጥ እንቁላል ለማስጠበስ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ዞር ሲል ባሌ ነው። የቀድሞ ባሌ። ሰሐን ይዞ፣ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ።

«እንዴት አደርሽ» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ።

ለአንድ አፍታ አጋጣሚ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ጠረጴዛችን ዞር አልኩ። ጓደኛዬ ዓይኗን ከእኛ ላይ ሳትነቅል ዳቦዋን ቅቤ ትቀባለች። አጋጣሚ አለመሆኑን ከፊቷ አነበብኩት።

ሰሐኔን ባዶውን ይዤ ሄድኩ። «ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ቁጭ በይ፣ ሰው ያየናል» አለች።

«ምን ይሠራል ነው ያልኩሽ!»

«ለልጅሽ ብዬ ነው። የዛሬ ዓመት ስትመረቅ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ልትቀመጡ ነው? እዚህ ተረጋግታችሁ ታወራላችሁ። ማንም ተነስቶ አይሄድም።»

ማንም ተነስቶ አይሄድም። እሱን ያለችው እንደ ጥሩ ነገር ነው።

ካቢን የምጋራት የአቮንዴሏ ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ታውቂ ነበር ወይ ስላት ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች። «ሰርፕራይዝ ነው አለችኝ። ኦኬ፣ ልነግርሽ አስቤ ነበር፣ ግን...» ሁለት ወር ሙሉ ልብስ አብረን ስንገዛ፣ ሻንጣ ስናዘጋጅ ታውቅ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የካርታ መጫወቻ ክፍል ነይ ተባልኩ። መጥተው እንዳይወስዱኝ ብዬ በራሴ እግር ሄድኩ። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራባት አስረው መሃል ተቀምጠዋል። ባሌ በቀኛቸው። ጓደኛዬ በግራቸው። መርከቡ ይወዛወዛል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ውሃ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «እንዲህ አስበሽ ስላስጠራሽኝ እግዚአብሔር ይስጥሽ። መታረቅ ትልቅነት ነው።»

«ማን ነው ያስጠራዎት?»

«አንቺ ነሻ፤ እሷ ናት የነገረችኝ» አሉ፣ ወደ ጓደኛዬ እያዩ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን እኔ ማንንም አላስጠራሁም። ይሄ ሰውዬ እዚህ መኖሩንም ያወቅኩት ትናንት እንቁላል ተሰልፌ ነው።»

ባሌ ቀና አለ። «እንዴት? እሷ እኮ ስትደውልልኝ፣ እያለቀስሽ 'እሱ ካልመጣ አልሄድም' እንዳልሽ ነው የነገረችኝ።»

እንባ! ለዚህ ሰው አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም። እሷ ግን ዓይኔ ላይ እንባ አኑራ፣ አፌ ላይ ቃል አኑራ፣ በኔ ስም ሰው ለምናለች። ውርደቱ እስከ ጆሮዬ አቃጠለኝ።

ጋሼ ቀስ ብለው ክራባታቸውን ፈቱ። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። «ሳልጠይቅሽ መምጣት አልነበረብኝም።» ተነስተው ወጡ። ከዚያ ሁሉ ሰው ይቅርታ የጠየቁኝ ምንም ያላጠፉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጓደኛዬን መተላለፊያው ላይ ይዤ አቆምኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ የፎጣ ጋሪ የሚገፉት ሠራተኞች ግድግዳውን ተጠግተው አለፉን።

«ከሰው ሁሉ አንቺ? ያን ፓርኪንግ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። መንዳት ችለሻል አይደል? አሁን ምን ያስፈራሻል?»

«አልፈራሁም። አልፈልግም!»

«አንቺ ለራስሽ የሚጠቅምሽን አታውቂም» አለችኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ከባሌ አፍ የሰማሁት ቃል ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ሁለቱ የተግባቡት በከንቱ አይደለም።

የቀረው ጊዜ ረጅም ነበር። ሰዓታችንን በየሁለት ቀኑ አንድ ሰዓት ወደፊት ስንገፋ፣ እኔ ዓመት ብገፋ በወደድኩ። እየበላሁ ዓይኔ በሩ ላይ ነው፤ ከሁለቱ አንዳቸው ሲገቡ ካየሁ እነሳለሁ። ቀኑን የማሳልፈው ከጋሼ ጋር ነው። ከኋላው በረንዳ ላይ ወንበር ይዘን፣ እሳቸው ስለ ድሮ የመምህርነት ሥራቸው ሲያወሩ እሰማለሁ። ደህና ወሬ ነበር። ግን አንዱንም ቀን ባሕሩን በሰላም አላየሁትም፤ ጓደኛዬን ይቅር ያላልኳት በዚህም ነው።

በስድስተኛው ቀን ባሌ ብቻውን መጣ። የበረንዳውን የብረት አጥር ተደገፈ።

«ትነጃለሽ አሉ» አለ።

«እነዳለሁ።»

«ሀይዌይም?»

«ሀይዌይም።»

«ጥሩ ነው» አለ፤ እንደ ፈቃጅ። ይቅርታ የምትለዋን አንዲት ቃል ጠበቅኩ። አልመጣችም። «በል ሂድ» አልኩት፤ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላስቸገረኝም። እሱም እንደኔው መታለሉን አውቃለሁ፤ ግን አላዘንኩለትም።

ስፔን ደርሰን በአንድ አውሮፕላን ወደ አትላንታ ስንመለስ የተለየ ወንበር ለምኜ ተቀመጥኩ። የአቮንዴሏ ጓደኛዬ በሳምንቱ ቤቴ መጥታ፣ ፈርቼ ነው ብላ አለቀሰች። ከእሷ ጋር ታርቄያለሁ። የስኔልቪሏ ግን «ክፉ አላሰብኩም» ከማለት ውጪ ሌላ ቃል የላትም።

በዓመቱ ልጄ ተመረቀች። አባቷ ሁለት ረድፍ ከኋላዬ ተቀመጠ፤ አጨበጨበ፣ ሳማት፣ ሄደ። ማንም አልተጣላም፣ ማንም አልታረቀም። ከእንግዶቹ አንዱ ሁለታችን ያለንበትን ፎቶ ለስኔልቪሏ ልኮላት ኖሮ፣ ከአዳራሹ ሳንወጣ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ «አየሽ? መርከቡ ሠርቷል።»

ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቁጥሯን ብሎክ አደረግኩ። ልጄ «እማዬ ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ፣ «ተናድጄ ነው፣ ነይ እንሂድ» አልኳት።