አራት አሰልጣኝ፣ ስምንት ተጫዋች

የተማርኩት መንዝ ውስጥ፣ ነፋሱ ከጠዋት እስከ ማታ በማያርፍበት አንድ ኮሌጅ ነው። እዚያ በሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሁለት ዓመት ተጫውቻለሁ፤ ያ መጫወት ከተባለ። ቡድኑ ስምንት ተጫዋች፣ ሁለት ኳስ፣ አንድ የተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ሜዳና አራት አሰልጣኝ ነበረው። ከሁለቱ ኳሶች አንደኛዋ አየር አትይዝም። ከአራቱ አሰልጣኞች ደግሞ አንዳቸውም ኳስ አይዙም።

ዋናው አሰልጣኝ ፊሽካ ነበራቸው። ሌላ ሙያ እንደነበራቸው ትዝ አይለኝም። ፊሽካዋን በቀይ ገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሏታል፤ ቢሮም ሻይ ቤትም አትለያቸውም። ልምምድ ሲኖረን ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ የሚመታውን ቦታ መርጠው ወንበር ያስወጡና "ሩጡ!" ይሉናል። እንሮጣለን። ትንሽ ቆይተው "ዲፌንስ!" ይላሉ። ተከላከሉ ማለታቸው ነው፤ እንዴት እንደምንከላከል ግን አንድ ቀን እንኳ ከወንበራቸው ተነስተው አላሳዩንም።

የምክትሉ ሥራ ዋናው ያሉትን መድገም ነበር። "ሩጡ!" ሲሉ እሳቸው ተከትለው "ሩጡ ተብላችኋል!" ይላሉ። ሦስተኛው ቡድን መሪ ይባላሉ፤ የኳስ ማስቀመጫውን ክፍል ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ገበያ ይሄዱና እኛ በር ላይ ቆመን ብርድ ይመታናል። አራተኛው የቴክኒክ አማካሪ ናቸው። ምን እንደሚያማክሩ፣ ማንን እንደሚያማክሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቅ የሚሉት ፎቶ ሲነሳ ብቻ ነው።

ያወቅነውን ሁሉ ያወቅነው በር ላይ ቦርሳችንን ከሚፈትሹ ሴት ነው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ነጠላቸው ላይ ካኪ ካፖርት የሚደርቡ፣ ቁጥብ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቻዬን ቅርጫቱ ላይ ኳሷን ስወረውርና ስስት አይተው መጡ።

"ልጄ፣ ድንጋይ እኮ አይደለችም። ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የምትወረውሪያት?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ይችሉበታል እንዴ?"

"በወጣትነቴ አዲስ አበባ ለፋብሪካ ቡድን ተጫውቻለሁ። አምጪያት እስቲ።"

በዚያ ካፖርትና በላስቲክ ጫማ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው በጣታቸው ጫፍ ለቀቋት። ቀለበቱን ሳትነካ ገባች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እሳቸው ግን ኳሷ እንደምትገባ ቀድመው ያወቁ ይመስል ዞር ብለው ካፖርታቸውን ያስተካክሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስምንታችንም ምሳችንን ጎረስ ጎረስ እያደረግን ወደ ሜዳው እንሮጥ ጀመር። "የምትጠብቂያትን ልጅ ዓይኗን አትመልከቺ፤ ዓይን ይዋሻል። ወገቧን እያት፤ ወገብ አይዋሽም" ይሉናል። ዋናው አሰልጣኝ ሁለት ዓመት ሙሉ የጮሁባትን ዲፌንስ እሳቸው በአንድ የምሳ ሰዓት አስረዱን። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው፤ ሰው ሲመጣ ሮጠው ይፈትሹና ይመለሳሉ።

ወሬው አራቱ ጋ ሲደርስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ሥራ ሲሠሩ አየናቸው። ተያይዘው ወደ ዲኑ ቢሮ ገቡ። ሴትየዋ በሩን ጥለው ተማሪ ያሰናክላሉ ተባለና ማገዶና አሸዋ ወደሚገባበት የጓሮ በር ተዛወሩ፤ ሜዳው አጠገብም እንዳይደርሱ ታዘዙ። እኛም ቢሮ ተጠራን።

"የሚያሠለጥናችሁ ማን ነው?" አሉ ዋናው።

"ማን ነው ተብላችኋል!" አሉ ምክትሉ።

ስምንታችንም አንገታችንን ደፍተን "እርስዎ ነዎት፣ መምህር" አልን። እኔም ብያለሁ። እነዚያን ሰዎች በናቅኋቸው ቁጥር ያቺን ቀንም አልረሳትም፤ ከናቅኋቸው ሰዎች መካከል የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ።

የኮሌጆች ውድድር ደብረ ብርሃን ላይ ሆነና በሚኒባስ ሄድን። ለስምንታችን ከተላከው ቱታ አራቱን አሰልጣኞቹ ለብሰውታል። በአማካሪው ላይ ሱሪው ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ ቀረ፤ እሳቸው ግን አላወለቁትም። ቱታ ያልደረሰን አራታችን ሹራብ ደርበን ከኋላ ተጠጋግተን ተቀመጥን።

ሜዳ ስንደርስ የመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ላይ ጉድ ፈላ። ለአንድ ቡድን የተፈቀደው ስምንት ተጫዋች ነው። ቅጹን የሞሉት ቡድን መሪው ናቸው። ከቅጹ ግርጌ የዋናና የምክትል አሰልጣኝ ስም መጻፊያ አለ፤ የቡድን መሪና የአማካሪ ግን የለም። ታዲያ ስማቸው እንዳይቀር የራሳቸውንና የአማካሪውን ስም ከተጫዋቾቹ ጋር ደባልቀው፣ ሁለት ልጆችን አስወጥተው ልከውታል።

መዝጋቢዋ ወረቀቱን ቀና አድርጋ "ሰባት ቁጥር ማን ነው?" ስትል ቡድን መሪው እጃቸውን አወጡ።

"ስምንት ቁጥርስ?"

አማካሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። "እንግዲህ ማሊያ ይልበሱና ይግቡ" አለች። "ማህተም ያረፈበት ዝርዝር አይቀየርም።"

የወጡት ሁለቱ እኔና አንዲት የመርሐቤቴ ልጅ ነበርን። እሷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ አለቀሰች። እኔ እንባዬ እንቢ አለኝ። ሄጄ ተቀያሪዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ፣ ስሜን በወሰዱት በሁለቱ ሰዎች መካከል ተቀመጥኩ። አንዳቸውም ይቅርታ አላሉኝም። ቡድን መሪው እንዲያውም "ምነው ዛሬ አኮረፍሽ?" አሉኝ።

በመጀመሪያው ጨዋታ ያየሁትን ብናገር ተረት ይመስላል። ዋናው "ዲፌንስ!" ይጮኻሉ፤ ምክትሉ "ዲፌንስ ተብላችኋል!" ይላሉ። አማካሪው እጃቸውን ቱታው እጅጌ ውስጥ ከተው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። አንዲት ልጃችን አራት ጥፋት ተቆጥሮባት ዋናው "ጠንከር በይባት! ግፊያት!" አሏት። የታዘዘችውን ፈጸመችና የቅርጫት ኳስ ሕግ እንደሚለው በአምስተኛው ጥፋት ወጣች። እሳቸው ሜዳ ውስጥ ገብተው ዳኛውን "ቀይ ካርድ ሳታሳይ እንዴት ታስወጣለህ?" ሲሉ ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ዓመት ያሠለጠኑን ሰው እግር ኳስ እያሰቡ ኖረዋል። ተሸነፍን፤ ሽንፈቱ ከሳቁ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አምበላችን፣ ከዘመሮ የመጣች ረጅም ልጅ፣ ጫማዋን እያሰረች "ዛሬ እሳቸውን የሚሰማ የለም። እትዬ ያሉንን ብቻ እናድርግ" አለች። ሁላችንም ሰማናት።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እኩል ነበርን። ልጆቹ ደክመዋል፤ አምበላችን ወደ እኔ እያየች በእጇ እረፍት እንድናስጠይቅ ምልክት ሰጠች።

"መምህር፣ እረፍት ይጠይቁላቸው" አልኳቸው።

"ማንን ነው የምጠይቀው?"

"ጠረጴዛው ላይ ያሉትን።"

"ይፈቅዳሉ?"

"ይፈቅዳሉ፣ መምህር። መብትዎ ነው።"

እንደ ባለጉዳይ ጎንበስ ብለው ሄደው ጠየቁ። እረፍቱ ሲሰጥ ልጆቹ ወደ አሰልጣኞቹ አልመጡም፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ክብ ሠርተው አምበላችንን ከበቡ። ዋናው ወደ ክቡ ሊገቡ ሲሞክሩ ትከሻና ጀርባ እንጂ ክፍተት አላገኙም።

"ምንድን ነው ይሄ? ንገሪያቸው እንጂ!" አሉኝ።

"ምን ብዬ ልንገራቸው?"

አሰቡ። እውነትም የሚነግሯቸው አጡ። "ዲፌንስ በያቸው" አሉኝ በመጨረሻ። ምክትሉ ሊደግሙ አፋቸውን ሲከፍቱ የውሃውን ጀሪካን አንስቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት። "ይህን ያድርሱላቸው፣ መምህር" አልኳቸው። ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ ይዘውት ሄዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለቡድኑ የሠሩት ሥራ እሱ ነው።

በአንድ ቅርጫት አሸነፍን። አማካሪው በጩኸቱ ባንነው "ገባ እንዴ?" አሉ፤ ከዚያ ፎቶው ላይ መሐል ቆሙ።

ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ዋናው አሰልጣኝ በድምፅ ማጉያ "በነደፍነው ታክቲክ የተገኘ ድል" ብለው ተናገሩ። አራቱም የምስጋና ወረቀት ተቀበሉ። የአምበላችን ተራ ሲደርስ ማጉያውን ተቀብላ "ያሠለጠኑን የጓሮ በር ፈታሿ ናቸው። ባለፈው ቢሮ ስንጠየቅ ዋሽተናል" አለች። ዲኑ ማጉያውን ቀስ ብለው ከእጇ ወስደው "ሁሉንም እናመሰግናለን፤ ወደ ክፍል!" አሉ። ሴትየዋን ማንም ወደ ቦታቸው አልመለሳቸውም። እኛ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓታችንን የጓሮው በር ላይ፣ አሸዋው ክምር አጠገብ አሳለፍን። ቅርጫት የለም፤ መቀባበልና መጠበቅ ብቻ ነበር። አሰልጣኞቹ መጥተው ሲከለክሉን አልሄድንም፤ ሁለተኛም አልከለከሉንም።

በሚቀጥለው ዓመት ለቡድኑ አንዲትም ልጅ አልተመዘገበችም። ቡድኑ ፈረሰ፤ አሰልጣኞቹ ግን አልፈረሱም። አራቱም ማዕረጋቸውን እንደያዙ፣ ዋናው ፊሽካቸውን እንዳንጠለጠሉ፣ ተጫዋች የሌለውን ቡድን አንድ ዓመት ሙሉ መሩት። ምክንያቱን ሲጠየቁ "የመንዝ ሴት ስፖርት አትወድም" ማለታቸውን ሰማሁ። ምክትሉም ሳይደግሙት አልቀሩም።