የእትዬ ዘይነባን ቪዲዮ አጥፉት

እትዬ ዘይነባ ሞቱ አሉኝ። "የትኛዋ ዘይነባ?" አልኩ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ፣ የሰማሁት እኔ፣ ግን ሌላ ዘይነባ ፈለግኩ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ዘይነባ ሞልቶ የለ እንዴ! አንዷ ትሁን፣ እሳቸው ብቻ አይሁኑ አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

እሳቸው ናቸው። ንጋት ላይ ለሱብሂ ሰላት ተነስተው ውዱእ ሲያደርጉ ወደቁ። የደም ግፊት ነው አሉ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከሰዓት፣ የአስር ሰላት እንዳበቃ ተቀበሩ። አሁን ከለቅሶ ቤት ገብቼ ነው የምጽፈው፤ ክፉ ቃል ካመለጠኝ ቻሉት።

ለማታውቋቸው፣ የማሾ እህል ነጋዴ ነበሩ። አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸውም ሱቃቸውም ሄደና እኛ ሰፈር ልጃቸው ቤት ገቡ። በር ጓ ባለ ቁጥር ይበረግጋሉ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

አንድ ጠዋት ሮቢ ወንዝ ምንጣፍ ሊያጥቡ ወርደው አዳለጣቸውና ከነልብሳቸው ገቡ። ያ ውሃ የሚወርደው ከላይ ከደጋው ነው። ቆላችን ቀን ሰው ቢጠብስም፣ ጎህ ሲቀድ ውሃው አጥንት ይሰብራል። እየተንዘፈዘፉ ቤት ገቡና ያን ቀን እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሰላት ተኙ። በነጋታው አውቀው ገቡ።

እኔን የወሰዱኝ ልጄ ሞቶ የተወለደ ጊዜ ነው። ከአልጋ አልወርድም ብዬ ነበር። መጥተው ብርድ ልብሴን ገፈፉት።

"ሰሚራ፣ ተነሺ! ውሃ እንሂድ።"

"ጅን ቢመታኝስ እትዬ?"

"ጅኑ ደግሞ ምን ቁርጥ አድርጎት እዚያ ብርድ ውስጥ ይቀመጣል?"

እስከ ወገቤ ገብቼ ጮህኩ። የተራራው ዝንጀሮ ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም። እሳቸው እስከ አንገታቸው ገብተው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ "ግቢ! ከዚህ የባሰ አይተን የለ?" አሉኝ። ገባሁ። ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀስኩትን እዚያው አለቀስኩ። እሳቸው ጀርባዬን ያሹኝ ነበር። ያን ቀን ራበኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥግብ ብዬ በላሁ።

ቆይቶ ወርቄም መጣች፤ ወገቧን የሚያማት የቀወት ገበሬ። ቀሚሳችንን እንደለበስን፣ ሻሻችንን አጥብቀን እንገባለን። ደጋው ላይ ደመና ካዩ ግን ንቅንቅ የለም፤ "ደራሽ ውሃ አማካሪ የለውም" ብለው ይመልሱናል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ውሃው ግፊት ያድናል አላልኩም። ግን ይተኙ ነበር። እሱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ አንዱ ጎረምሳ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ በስልኩ ቀረጻቸው። ከውሃው ሲወጡ፣ ቀሚሳቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ። የሚያስቅ ሙዚቃ ጫነበትና "የሮቢት ጉማሬ" ብሎ ለጠፈው።

ስንቱ ሳቀ! ዛሬ "ነፍስ ይማር፣ አላህ ይርሃማቸው" የምትሉት እናንተው ናችሁ። ስማችሁን ከቪዲዮው ሥር አይቼዋለሁ። አልዘረዝርም፣ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ገበያ መሃል ማሾ ሲሰፍሩ "ጉማሬዋ፣ ሁለት ኪሎ!" ብሎ የጮኸባቸው ባለ ባጃጅ ዛሬ ለቀስተኛ በነጻ ሲያመላልስ ዋለ። ወይ ደግነት!

ልጃቸውም "አዋረድሽኝ። ወይ ውሃው ወይ እኔ" አላቸው። ምን ይበሉ? ያላቸው ልጅ እሱ፣ የተጠጉት ቤት የሱ። ውሃውን ተዉት። እንቅልፍም እሳቸውን ተዋቸው።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብሄድ ጓሮ ተቀምጠው እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረዋል። በረዶ ከሱቅ ገዝተው ጨምረውበታል። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ልጃቸው የመጣ መስሏቸው ነው። "እግሬን ብቻ እኮ ነው ሰሚራ" አሉኝ። "እግርም ነውር ነው?" በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

ዛሬ ደግሞ ይባስ ብሎ ያው ቪዲዮ መጣ! ያው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ የቀረጻቸው ጎረምሳ ነው የለጠፈው። ያው ቀሚስ፣ ያው ገላ። ሙዚቃውን አንስቶ መንዙማ ጭኖበታል። "እናታችን፣ መቼም አንረሳሽም" ይላል። እናንተም እያለቀሳችሁ ታጋሩታላችሁ። በቁማቸው ሳቃችሁባቸው፣ አሁን አፈሩ ሳይደርቅ ላይክ ትለቅሙባቸዋላችሁ። ትንሽ እንኳን አታፍሩም?

አጥፉት። ለምኜ አይደለም። እናቱን የሚወድ ያጥፋው።

እትዬ ዘይነባ፣ እናቴ፣ ስናጥብዎት አንዷ ትልቅ ሴት "ውሃውን ለብ አድርጉት፣ እንዳይበርዳቸው" አሉ። እምቢ አልኩ። አበደች አሉኝ። ወርቄ ሙስሊም አይደለችምና ደጅ ቀርታ ነበር። ጠፍታ ቆይታ ከወንዙ በጀሪካን ቀድታ መጣች፤ በበሩ አቀበለችኝ። ከአንገትዎ ጀምሬ ቀስ ብዬ አፈሰስኩት። እጄ ደነዘዘ። ትንፋሽዎ ቁርጥ ሲል እሰማ መስሎኝ ጠበቅኩ። ሞኝ ነኝ።

ደህና ይተኙ። ለመተኛት ግን ይህን ያህል ርቀው መሄድ አልነበረብዎትም። ወንዙ ቅርብ ነበር።