ተማሪዎቹ ገብስ የጠበቁበት ክረምት

ዛሬ ጠዋት ዕቃ ጭኜ ከሳንቃ በር ስወርድ በቅሎዬ አንገቷን ዘርግታ ከመንገድ ዳር ማሳ አንድ አፍ ሙሉ ገብስ ቦጨቀች። ባለማሳው ሳያየኝ ልጎትታት ስል ሽታው መጣብኝና እዛው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዝናብ ያደረበት ገብስ ሲቆረጥ የሚሸተውን አንተ የከተማ ልጅ አታውቀውም። ጣፈጥ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፍንጫህን ኮርኮር የሚያደርግ ነገር ነው። ይዞኝ ሄደ ወደዛ ክረምት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው ገብስ ከጭላዳ ዝንጀሮ ወደጠበቁበት ክረምት።

ያኔ ጢሜ እያጎነቆለ ነበር። ከደባርቅ እስከ ጨነቅ እንደኔ ጭነት የሚያስር አልነበረም። አጋነንክ ካልከኝ ሄደህ በቅሎዎቹን ጠይቃቸው። ከትምህርት ጋር ግን ሦስተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ ተጣልተን አይደለም፣ አልተግባባንም።

የተማሪዎቹን ሻንጣ ከአስፋልቱ እስከ መንደራችን የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። መሪያቸው ሕክምና የምትማር ረጅም ልጅ ነበረች፤ ዶክተሯ አልናት። አንዱ ደግሞ ባለ መነጽር ነው፤ ጭቃው ጫማውን ሲነጥቀው ጭቃውን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ጨዋ።

«ክረምቱን ሕፃናት ልናስጠና ነው የመጣነው» አለችኝ ዶክተሯ።

«ማን ይከፍላችኋል?»

«ማንም። በጎ ፈቃድ ነው።»

«እና ምን አጥፍታችሁ ነው?»

በሳቅ ፈረሰች። እኔ እኮ የምሬን ነው የጠየቅኳት።

የመጡበት ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ከርሞ ልጆቹ ሁሉ ወደኋላ ቀርተው ነበር። መስከረም ላይ ፈተና ይሰጣል፣ ያለፈ አራተኛ ክፍል ይገባል ተባለ። ታናሽ እህቴም ከተፈታኞቹ ነበረች። እናቴ ቁርጡን ነገረቻት፦ «ካለፍሽ ትማሪያለሽ። ከወደቅሽ ደብተሩ ይቀመጥ፣ ከኔ ጋር ነሽ። አባትሽ የለ፣ በምን አቅሜ?» እህቴ አላለቀሰችም። የእርሳሷን ጫፍ ታኝክ ጀመር። ያ ማኘኳ ነው እኔን የበላኝ።

በመጀመሪያው ሰኞ ዶክተሯ ጠመኔዋን ይዛ ብትቆም ክፍሉ ውስጥ የገባው አንድ ውሻ ብቻ ሆነ። ልጆቹ ገብስ ጥበቃ ላይ ናቸው። በኛ አገር ክረምት ልጅ ሥራ አለው። ጭላዳ ጠዋት መንጋ ሆኖ ከገደሉ ይወጣል፣ ማሳ ላይ ካረፈ አይምርም። የፓርክ እንስሳ ስለሆነ ብትመታው የፓርኩ ጠባቂ ስካውት የሚይዘው አንተን ነው። ስለዚህ ጮኸህ፣ ጅራፍ አጩኸህ ትመልሰዋለህ። እህቴ የኛንም የጎረቤታችንን የሽማግሌውንም ማሳ ትጠብቅ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ መሬታችንን በበሬዎቻቸው የሚያርሱልን ሽማግሌው ናቸው፤ ውለታቸው የሚመለሰው በእህቴ ጉሮሮ።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የኔ ነው ቢልህ አትመነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሳለ መሀል ገባሁና «ወንፈል እንግባ» አልኩ። ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ የኔን ታርማለህ፣ ነገ እኔ ያንተን። ተማሪዎቹ በየተራ ገብስ ይጠብቁ፣ የቀሩት ያስተምሩ። እኛ ደግሞ ልጆቹን በመላክ እንመልስላቸው።

ጎረቤታችን ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ቀላማጅ! ገብሴን ቢጠብቁልኝ እኔ ምን ልመልስ? ትንሽ ልጅ የለኝ።»

«አባባ፣ የኔን እህት ይላኩላቸዋ። እሷስ የእርስዎ ልጅ አይደለች?»

ሌሎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ጣታቸውን አነሱ፦ «ይሁን። ገብሴ የተነካ ቀን ወንፈሉ ፈረሰ። ልጅቱም ወደ ማሳዋ።»

ከዛ ወዲያ መንደሩ ጠዋት ጠዋት ሌላ ድምፅ ያወጣ ጀመር። ከትምህርት ቤቱ በኩል ልጆች ማባዣ ሲያዜሙ ትሰማለህ፤ ከገደሉ አፋፍ ደግሞ ተማሪዎቹ «ሂድ! ኧረ በናትህ ሂድ!» ሲሉ። ጭላዳን በናትህ ብሎ የሚለምን ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት ጉም ወረደ፤ የገዛ እጅህን የሚደብቅ ጉም። የሽማግሌው ማሳ ተረኛ ባለ መነጽሩ ነበር። ጭላዳ ሲበላ ቁጭ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ እየነጨ፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ ነው። ባለ መነጽሩ በጉሙ ውስጥ ጎንበስ ጎንበስ ያሉ ብዙ ጥላዎች አየ። አረም የሚያርሙ ሴቶች መሰሉት። ጨዋ ነው ብዬህ የለ? «እናቶች፣ በርቱ! እግዜር ያበርታችሁ!» አላቸው።

እነሱም በረቱ። ጉሙ ሲገፈፍ የማሳው አንድ ጫፍ ምላጭ የነካው ራስ መስሏል።

መንደሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ባልፈርድበትም፣ በጉም ለጉቶ እጅ ነስቼ አውቃለሁና። ባለ መነጽሩ መነጽሩን ይጠርጋል፣ መልሶ ይጠርጋል፣ የሚያጠፋው ነገር ያለ ይመስል። ሽማግሌው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «ፈረሰ።»

እህቴ ማንም ሳያዛት ከክፍል ወጣች። ደብተሯን በነጠላዋ ጠቀለለችና ጅራፏን አንስታ ወደ አፋፉ መውጣት ጀመረች። ያን ጀርባዋን ሳይ ሳቄን ትቼ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማሳዎን የምጠብቅ እኔ ነኝ» አልኩ። «አንዲት ዛላ ብትጎድል መሬታችንን አያርሱልን።»

«አንተ? ይሄ ጎረምሳ? ከሕፃን ጋር ጅራፍ ይዘህ?»

«እኔ።» «እስቲ እናያለን» አሉ፤ ጅራፉን ከእህቴ ተቀብዬ ወደ ክፍሏ መለስኳት።

ይሄ ቀላል እንዳይመስልህ። ገብስ ጥበቃ የልጅ ሥራ ነው። ጢም ያወጣ ጎረምሳ ጅራፍ ይዞ አፋፍ ላይ ቢቀመጥ የመንደር መሳቂያ ነው። ውሃ የሚቀዱት ልጃገረዶች ባለፉ ቁጥር «ማሙሽ፣ እማማ ምሳ ላከችልህ?» ይሉኛል። እኔም «ላከች፣ ግን የሚያጎርሰኝ አጣሁ!» እላቸዋለሁ፤ ሲያልፉ ጆሮዬ እስኪቃጠል አፍራለሁ። ግን ልንገርህ፣ በዛ አገር እንደኔ ገብስ የጠበቀ የለም። ጅራፌ ሲጮህ ገደሉ ተቀብሎ ይደግመዋል፣ ጭላዳው ተንከባሎ ይወርዳል። ዝናቡ ሲመጣ እርጥብ ጋቢዬ ውስጥ ተጠቅልዬ ቁጭ። ባለ መነጽሩ ተራው ባይሆንም ወጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር፤ ጅራፍ ማጮህ አስተማርኩት፣ የገዛ ጆሮውን ሁለቴ መታ።

ክፍል ሲለቀቅ እህቴ ከታች እየሮጠች ትጠራኛለች። «ወንድማለም! ሰባት ጊዜ ስምንት?»

«ብዙ!» እላታለሁ ከላይ።

ሳቋ ዳገቱን ይወጣ ነበር።

ተማሪዎቹ ለአዲስ ዓመት ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሻንጣቸውን የጫንኩ ያው እኔ ነኝ። ባለ መነጽሩ ወደ ገደሉ ዞሮ «እናቶች፣ ደህና ሁኑ» ሲል ዶክተሯ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀባት። መስከረም ላይ እህቴ አለፈች። ሽማግሌው ሲሰሙ በሬዎቻቸውን እየነዱ እኛ ደጅ መጡና ለእናቴ «ልጅቱ ወንፈሌን መልሳልኛለች» አሏት። 

አሁን እህቴ ደባርቅ ቤት ተከራይታ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን የማደርስላት እኔ ነኝ፤ በሶ፣ ቂጣ፣ ማገዶ። ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ በሯ ክፍት ነው። የአከራይዋና የጎረቤት ልጆች ወለሉ ላይ ተኮልኩለዋል። እሷ ግድግዳው ላይ ካርቶን ሰቅላ በከሰል እየጻፈች ታስጠናቸዋለች። ማንም አላዘዛት፣ ማንም አይከፍላት። ድሮ ስታየኝ ሮጣ አንገቴ ላይ ትንጠለጠል የነበረች ልጅ፣ «ወንድማለም፣ ቆይ ልጨርስላቸው» አለችኝ።

ዝናቡ ያካፋል። ልጓም ይዤ ጣሪያው ጠርዝ ስር ቆምኩ። አንድ ትንሽ ልጅ በበሩ አጮልቆ አየኝና «ማነው ሰውየው?» አላት።

«እኔን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው» አለችው፣ ፊቷን ከካርቶኑ ሳታዞር።

ሦስተኛ ክፍል የቀረሁትን እኔን እኮ ነው!  ትምህርቱ እስኪያልቅ የበቅሎዬን አንገት እያሻሸሁ ቆየሁ።