ወንዝ የሌላት ደሴት

ልጅ ሳለሁ፣ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እኔና እናቴ ለንደን በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ማታ ማታ የሚያጫውቱኝ ጋሽ መንግሥቴ ነበሩ። ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ ባለ፣ የአካባቢው መስተዳድር በሚያከራየው የካውንስል ሕንፃ ውስጥ ከእኛ በታች ይኖራሉ። እናቴ ለቢሮ ጽዳት ስትወጣ እሳቸው ዘንድ ትተወኛለች። በጉልምስናቸው የንግድ መርከብ ሞተር ክፍል የሠሩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ።

ያኔ ትልቁን መብራት ያጠፉና በማሞቂያው ቀይ ብርሃን፣ ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ ይዘን እንቀመጣለን። ወሬያቸው ሁልጊዜ ኮሞሮስ ነው፤ መርከባቸው ተበላሽቶ ሁለት ወር የቆዩባት፣ በአፍሪካና በማዳጋስካር መካከል ያለች የደሴቶች አገር። ካርታላ ስለሚባለው እሳተ ገሞራ፣ እስከ ባሕሩ ወርዶ ስለጠቆረው የቀለጠ ድንጋይ ያወሩልኛል።

«ዝናቡ ጉድ ነው፤ ወንዝ ግን አንድም የለም» ይሉኛል። «ድንጋዩ ቀዳዳ ነዋ! ውኃውን ውጦ ባሕር ዳር ይተፋዋል። ሰዉ የሚጠጣው ከጣራ ያጠራቀመውን ነው። እኔን ወባ ሲጥለኝ አንዲት እናት ከዚያችው ካላት ቀንሳ ጨርቅ እየነከረች ግንባሬ ላይ ስታደርግ ሰነበተች።» እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ስለ አንድ ደሴት አገር እንድንናገር ታዘዝን። እኔም ተነስቼ፣ ኮሞሮስ ወንዝ የሌላት አገር ናት አልኩ። መምህሯ በለሰለሰ ድምፅ «እኔ እስከማውቀው ወንዞች አሏት፤ ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ከኋላዬ የነበሩት ልጆች ሳቁ።

ማታ ሻዩን አልነካሁም። ጋሽ መንግሥቴ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ፣ «ዋሸኸኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ለእሳቸው አንተ ብዬ አላውቅም ነበር። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። እሳቸው ግን፣ «ካላመንሽኝ ቅዳሜ ላይብረሪ ሄደን ቼክ እናደርጋለን» አሉ።

ቅዳሜ ሄድን። እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማይችሉ ስለ ኮሞሮስ ያገኘነውን መጽሐፍ እኔ እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። ካርታላ ያለባት ትልቋ ደሴት ዝናቧ ብዙ ነው፤ ድንጋይዋ ውኃ ስለማይይዝ ወንዝ የላትም ይላል። ፊታቸው በራ። እኔን ደግሞ እፍረት ወረረኝ። የሚቀጥለው መስመር ግን ሌሎቹ ደሴቶች፣ አንዡዋንና ሞሄሊ፣ ወንዝም ፏፏቴም እንዳላቸው ይናገራል። ልዝለለው አልኩ በልቤ፤ ብዘለው አያውቁም። ያን ክፉ ቃል ከተናገርኳቸው በኋላ፣ ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ቢመለሱ ምን አለበት? ቀና ብዬ ሳያቸው ጣታቸውን እኔ ያቆምኩበት ቃል ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። አነበብኩላቸው።

«እንደገና በዪው» አሉኝ። እንደገና አልኩት።

«ለካ እኔ ያየሁት አንዷን ብቻ ነው!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በአንዷ ደሴት አገሩን ሁሉ ለካሁት! ሰኞ ለመምህርሽ ንገሪያት። ሽማግሌው ተሳስቷል በያት፤ ወንዝ የሌላት ግን የትኛዋ እንደሆነች ለይተሽ አስረጃት።»

«ጋሼ፣ አንተ ስላልኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ተናደሽ ነዋ» አሉና ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

ዛሬ ጋሽ መንግሥቴ በሕይወት የሉም። ከዚያ ወዲህ የተማሩ፣ የተከበሩ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ልጅ ሲያርመው የሚደሰት ሰው ግን እምብዛም አላየሁም። ሁልጊዜ የማመሰግናቸው ከነገሩኝ ወግ ሁሉ ይልቅ ስለዚያ ቀን ነው። ስንመለስ አውቶቡስ ላይ አጠገባቸው ለተቀመጠች ለማያውቋት ሴት፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው፣ እኔን በጣታቸው እያሳዩ «ሺ ቲች ሚ! ሺ ቲች ሚ!» ሲሉ፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ደስታዬን መደበቂያ አጥቼ ነበር።