ከውስጥ የተለሰነው ግንድ

ከበሮ ቤት በገባሁበት ቀን ጋሽ ይማም የሰጡኝ ሥራ ቆዳ መወጠር አልነበረም፤ ግንድ ማንኳኳት ነበር። “በመዶሻው እጀታ ምቺና ስሚ” አሉኝ። “ደህናው እንጨት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ዝም ይላል።” ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቃችን ለቤተ ክርስቲያንም ለመንዙማም እንሠራ ነበር። እሳቸው ጠራቢ፣ እኔ በኋላ ቆዳ ወጣሪ ሆንኩ።

ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ዓርብ፣ ሹፌሩ ተማም ከጅማ ወዲያ ካለ ጫካ ያመጣውን ወፍራም የዋንዛ ግንድ አራግፎልን ሄደ። ሁለቱ ጫፎቹ ድፍን ቢሆኑም ውስጡ ክፍት ስለሆነ ለትልቅ ከበሮ ተመራጭ ነው። ጎኑ ላይ ጭቃ የተለሰነ ቦታ ነበረው፤ መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ።

ጋሽ ይማም ለጁምዓ ሶላት ወጥተው ብቻዬን ነበርኩ። እንደ ልማዴ በእጀታው መታሁት። ከውስጥ መልስ መጣ፦ ኳ፣ ኳ።

ዞር ብል ማንም የለም። ደግሜ መታሁት። ደግሞ መለሰ። መዶሻው ከእጄ ወደቀ።

ጋሽ ይማም ሲመለሱ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ቢስሚላህ ብለው ልስኑን በመሮ ጥቂት ፈለጡት። የሚከረፋ ትኩስ አየር ወጣ፤ ቀጥሎ እንደ ወናፍ የሚተነፍስ ድምፅ። “ለዛሬ ይቅር” አሉ። ሱቁን ቆልፈን ሄድን።

በነጋታው ስንከፍት የፈለጥነው ቦታ ተደፍኖ ጠበቀን። ልስኑ ገና እርጥብ ነው። ቁልፉን ማንም አልነካውም። የደፈነው ውስጥ ያለው ነበር።

ወሬው ኩሊዎቹ ዘንድ ደረሰ። “ጂን ነው፤ ይቃጠል!” አለ አንዱ፤ ቤንዚን በጀሪካን ይዞ መጣ። ጋሽ ይማም ግንዱ ፊት ቆሙና “ለተማም ደውዪ” አሉኝ።

ተማም መጥቶ በስንጥቁ የስልኩን መብራት አበራና ግንባሩን ያዘ።

“ጋሼ፣ ወፍ ናት። እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃና በኩሷ ትለስናለች። ጫጩቷ እስኪያድግ አትወጣም። ባልየው ነው የሾላ ፍሬ እያመጣ በስንጥቁ የሚያጎርሳት።” መብራቱን አጠፋ። “ለካ ለዚህ ነው።”

“ምኑ?” አልኩት።

“ስንጭን አንድ ትልቅ ጥቁር ወፍ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ቀንድ የደረበ፣ እንደ አህያ እየጮኸ ጫካው እስኪያልቅ ተከተለን።”

እኔም አጮልቄ አየሁ። ሰማያዊ ቆዳ የከበበው ዓይን ቀድሞ እያየኝ ነበር። ሥሯ ላባ ያላወጣ ጫጩት ተኝቷል። ፓፓያ በስንጥር ባቀርብላት የምንቃሯን ጫፍ ብቻ አውጥታ ተቀበለችኝ።

ጋሽ ይማም ከበሮውን ላዘዙት ቄስ ደወሉ። “አባ፣ ለበዓሉ አልደርስም። ግንዱ ነፍስ አለበት።”

ተማም ያንኑ ቀን ጭኖት ተመለሰ። ማታ ሲደውል ድምፁ ተለውጧል። “ዛፉን ከቆረጥንበት ጉቶ ላይ ባልየው ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አልጮኸም። ግንዱን አጠገቡ አቁሜ ስሄድም አልተነሳም።”

ከወራት በኋላ ተማም በዚያ ሲያልፍ ልስኑ ከውስጥ ፈርሶ፣ ስብርባሪው ወደ ውጭ ወድቆ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ አየ።

ሙያውን ለምትጀምሩ፦ የፈራ ሰው መሮም ክብሪትም አይያዝ። መጀመሪያ ግንዱ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ።