በጨርቅ የተጣፈች ልብ

ልጄ ረምላ ከውጭ አገር በተመለሰች ቀን... በር ላይ ቆሜ «ይህችን አልረከብም» አልኩ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ፊደል ባልቆጥርም ጨርቅ በዳበሳ እለያለሁ። ረምላ ከተወለደች ጀምሮ ከንፈሯና ጥፍሯ ሰማያዊ ነበር። አሥር እርምጃ ሄዳ ቁጢጥ ትላለች። ልቧ ሲፈጠር ጀምሮ ተበላሽቷል ተባለና በሰባት ዓመቷ ፈረንጅ ሐኪሞች አገራቸው ወስደው ደረቷን ቀደዱ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

በዓመቱ ከነርስ ጋር የመጣችው ግን ከንፈሯ ቀይ፣ ጉንጯ የሞላ፣ ደረጃውን በሩጫ የምትወጣ ልጅ ናት።

ነርሷ «ልቧ ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፍነውታል፤ የጠበበውንም አስፍተዋል» አለችኝ።

«በምን ዓይነት ጨርቅ?»

አላወቀችም። ይኼኔ ጠረጠርኩ።

ሚስቴ የልጅቷን አንገትጌ ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ይኸው አይደል ጠባሳው።»

«መሰፋቷንማ አየሁ። ማን መሆኗን ነው የምጠይቀው። ሰማያዊ ሰጥቼ ቀይ ልረከብ?»

ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ አልዋሽም።

እውነቱን ልናገር... የኔዋ እዚያው ሞታ፣ እንዳላለቅስ የሌላ ሰው ልጅ ልከውልኝ እንዳይሆን ነው የፈራሁት።

የአፎቻችንን ሽማግሌዎች አስጠራሁ፤ አፎቻ ለቀብሩም ለሠርጉም የምንሰበሰብበት ማኅበራችን ነው። ሐጂ ዩኒስ መሐል ተቀመጡና ጠየቋት።

«ልጄ፣ ይሄ ማነው?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አላውቀውም። የኔ አባት ከኤረር በር እስከ ቤት አዝሎኝ ነበር የሚወጣው። ይሄ ሰውዬ በር ላይ ነው ያቆመኝ።»

ሽማግሌ ፊት እንዲህ ዓይኑን ሳይሰብር የሚከራከር ልጅ፣ ጀጎል ውስጥ ከኔ በቀር የሚወልድ የለም። ያኔ አወቅኳት... እሷ ግን አላወቀችኝም።

ሐጂ ዩኒስ ወደኔ ዞሩ። «እንግዲህ ማስረጃ የጎደለህ አንተ ነህ። እዘላት።»

የግንቡ መግቢያ፣ ኤረር በር ድረስ ወርደን አዘልኳት። ወላሂ፣ ላባ የነበረችው ልጅ ኩንታል ሆናለች። ሽማግሌዎቹ ከኋላ እየተከተሉ አቀበቱን ተያያዝኩት። ግማሽ ላይ ትንፋሼ አጠረ።

«ትንሽ ውረጂልኝ» አልኩ።

«አባቴ ውረጂ ብሎኝ አያውቅም።»

በራችን ላይ ደርሼ አወረድኳትና በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ሐጂ ዩኒስ «እህ... ምን ትያለሽ?» አሏት። ረምላ ጠጋ ብላ ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈች። ሐኪሞቹ ሲያደርጉ ያየችውን ነው። ረጅም ጊዜ አዳመጠች... እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

«እሱ ነው» አለች። «ግን ሐኪም ይየው።»

የመዝጊያው ጸሎት፣ ፋቲሓ፣ ተቀራ። ልጅ ላስመረምር የጠራኋቸው ሽማግሌዎች የኔን አባትነት አጽድቀው፣ ምሳዬን በልተው ሄዱ።