የአያ ሙላው እንጨቶች

«ሬዲዮውስ ደህና ነው ልጄ፤ ዝም የሚለው ቦታው ነው!» አሉኝ አያ ሙላው፣ ዛሬ ጠዋት ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ጭቃ ላይ ቆመን።

እኚህ ሽማግሌ የቀበሌው ጎርፍ ጠባቂ ናቸው። በእጅ የሚያዘው አዲሱ ዲጂታል የመገናኛ ሬዲዮ ድንገት ጭጭ ይላል ብለው ሁለት ጊዜ ወረታ ከተማ፣ እኔ እምሠራበት ጥገና ክፍል ድረስ አምጥተውልኛል።

ፈታሁት፣ የባትሪውን መገናኛ ጠረግሁ፣ አንቴናውን ቀየርሁ። ምንም የለበትም! (በሆዴ «አያያዝ አያውቁም» ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።)

የድሮው ሬዲዮ ከጣቢያው ስንርቅ ድምፁ እየሻከረ ያስጠነቅቀናል። ዲጂታሉ ድምፅን ወደ ቁጥር ቀይሮ ስለሚልክ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሞገዱ ከደከመ ግን በአንዴ ይቋረጣል። ይህን ሳልነግራቸው ነው ያስረከብኋቸው።

እሳቸው ሜዳውን ሙሉ በእግራቸው ዞረው፣ ድምፁ በሚቋረጥበት ሁሉ እንጨት ተክለዋል፤ ክረምት የወንዙን መሻገሪያ በእንጨት እንደሚያመለክቱት።

ከሰዓት ወንዙ ሞላ። ወረታ ተመልሼ ተቀምጬ ሳለሁ ድምፃቸው በሬዲዮ ኩልል ብሎ መጣ፦ «ከእንጨቱ ወዲህ፣ ድምፁ ከማይቋረጥበት ቆሜያለሁ። ውሃው ደርሷል፤ ከብቱን አውጡ!»

ከብቱም ሰውም ወጣ።

ነገ ወደ ሌሎቹ ጠባቂዎች ስሄድ ከመፍቻዬ ጋር ምልክት የሚሆን እንጨት መቁረጫ መጥረቢያ እይዛለሁ። እናንተስ፣ ላስተምር ብላችሁ ሄዳችሁ ተምራችሁ የተመለሳችሁት ከማን ነው?